ዳፍንት ነው ብለን የከረምንበት፦ የልጄ የዓይን ጂን ምርመራ፣ ከ5 ኮከብ 4

ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ቀን ቀን ኳስ ሲያባርር ብታዩት ምንም የለበትም ትላላችሁ። ሲመሽ ግን እጄን አይለቅም፣ ቤት ውስጥ እንኳ ግድግዳ እየዳበሰ ነው የሚሄደው። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ዳፍንት ነው ልጄ፣ ጉበት ስጪው» አለችኝ። ሰጠሁት። ካሮቱንም ጎመኑንም። ምክሯ ትክክል ነበር፣ ቫይታሚን ኤ ሲያንስ እውነትም ጨለማ ላይ ማየት ያቅታል፣ ጉበት ደግሞ እሱ የሞላበት ነው። የልጄ ደም ሲታይ ግን ቫይታሚኑ ምንም አልጎደለም። በዚህ ነው እዚህ ሜሪላንድ ያለው ሐኪሙ ወደ ጂን ምርመራ የላከን። ከመሄዴ በፊት በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ፣ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ኢአርጂ የሚባለውን ሠሩለት። ሬቲናው፣ ማለትም ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ብርሃን ሲበራበት የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚለካ ነው። ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረጋል፣ 20 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ ቀጭን ሽቦ ዓይኑ ላይ አድርገው መብራት ብልጭ ያደርጉበታል። ልጄ ፈራ። የምትሠራለት ልጅ ግን ጨለማው ውስጥ አጠገቡ ቁጭ ብላ እስኪረጋጋ አወራችው፣ አንዴም አልቸኮለችበትም። ለጂኑ ደግሞ ምራቅ ብቻ ነው የወሰዱት።

አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ከዚህ በኋላ ባለው ነው። አንድ ወር አሉን፣ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። ውጤቱም ማንም ሳይደውልልን ዓርብ ማታ ስልኬ ላይ መጣ። «ኤንአር2ኢ3» ይላል፣ ሌላ የሚገባኝ ነገር የለም። እስከ ሰኞ እንዴት እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ለወላጅ እንዲህ አይደረግም፣ በስልክ መጀመሪያ ይነገራል።

የጂን አማካሪዋ ግን ሌላ ነገር ናት። ወረቀት አወጣችና መሳል ጀመረች። ሬቲና ላይ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉ፣ ሮድ ለጨለማ፣ ኮን ለቀንና ለቀለም። ሮዶቹ ከኮኖቹ 20 እጥፍ ያህል ይበዛሉ። እኔ ሮዱም ኮኑም ከመጀመሪያው የየራሱ ጂን ይዞ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ጂናቸው አንድ ነው፣ የሚለያዩት የትኛው ተከፍቶ የትኛው በመዘጋቱ ነው። ኤንአርኤል የሚባለው ጂን ገና ያልለየለትን ሴል ወደ ሮድነት ይመራዋል፣ ኤንአር2ኢ3ንም ያስነሳዋል። ኤንአር2ኢ3 ደግሞ እዚያ ሴል ውስጥ የኮን ጂኖችን ይዘጋል። የልጄ ይሄ መዝጊያ አይሠራም። ታዲያ ሮድ መሆን የነበረበት ሴል ሞቶ አልቀረም፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀበል ኮን ሆነ! ስለዚህ ልጄ ሮድ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሰማያዊ ኮኑ ግን ከኔም ከናንተም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤንአርኤል የሌላቸው አይጦች ላይም ይሄው ታይቷል፣ ሮዳቸው በሙሉ ኮን መሰለ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፣ በሐዘን ብቻም አይደለም። የተበላሸ ነገር ሲፈልጉ የኖሩበት ዓይን ውስጥ ሌላ ነገር በቅሎ ነበር።

አስተርጓሚ የምትጠይቁ ይህን ልብ በሉ። ባለቤቴ እንግሊዝኛው ብዙም ስለማይመቸው በስልክ አስተርጓሚ ሰጡን። ሰውየው «ጂን» የሚለውን «ዘር» እያለ ተረጎመው። «በዘራችሁ ያለ ችግር ነው» ሲል ባለቤቴ ፊቱ ተለዋወጠ፣ «እኛ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው» አለ። አማካሪዋ ነገሩ ገባትና አቁማ እንደገና ጀመረች፦ ሁለታችንም የዚህ ጂን አንድ አንድ የማይሠራ ቅጂ ይዘናል፣ እኛን ምንም አያደርገንም፣ ዘመድ መሆንም አያስፈልገውም፣ በየእርግዝናው ሁለቱ የመገናኘት ዕድላቸው 25 በመቶ ነው። «ጂን» በሉ፣ «ዘር» አትበሉ። አስቀድማችሁም የሕክምና ቃል የሚያውቅ አስተርጓሚ ይመደብልን በሉ።

ውጤቱ «ምንም አልተገኘም» ቢልም ወዲያው አትረፉ። ብዙው ምርመራ የሚያነበው በዋናነት ፕሮቲን የሚሠራበትን የጂኑን ክፍል ነው። ጂኑ ደህና ሆኖ ከጎኑ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ የጠፋባቸው ሰዎች አሉ። ቀይና አረንጓዴ ኮኖችን የሚያስነሳው ቁራጭ ሲጎድል ሁለቱም ጂኖች እያሉ ሥራ አይጀምሩም፣ ሰውየው በሮዱና በሰማያዊ ኮኑ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ «ከጂኑ ውጭ ያለውንም አይታችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

መድኃኒትስ? ለልጄ ጂን እስካሁን የተፈቀደ የጂን ሕክምና የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ የፈቀደችው ሉክስተርና የሚባል የጂን ሕክምና አርፒኢ65 ለሚባል ሌላ ጂን ነው፣ ለኛ አይሆንም፣ አማካሪዋም በከንቱ ተስፋ አልሞላችንም። መሃል ሬቲናው ላይ ውሃ ከቋጠረ በጠብታ ይሞከራል፣ በየጊዜው ይታያል። ለትምህርት ቤቱም ደብዳቤ ጻፈችልን፣ ፊልም ሲያሳዩ መብራቱን ሙሉ በሙሉ እንዳያጠፉበት።

የምትሄዱ ከሆነ ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት። ለልጁ የፀሐይ መነጽር ያዙ፣ ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት አይለቅም። የምርመራውን ዋጋም ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ ከወላጅ ለሚወረስ የሬቲና ችግር በነፃ የሚሠሩ ፕሮግራሞች እዚህ አሉ፣ እኛም በዚያ ነው የገባነው።