«ገናን በኑርንበርግ» ለሚል ጉዞ ገንዘብ ከማስተላለፋችሁ በፊት

ባለፈው የገና በዓል አምስት ሆነን፣ 1,290 ዩሮ ከፍለን፣ ከተዘጋ አሥራ ሁለት ቀን የሆነውን ገበያ ለማየት ከፍራንክፈርት ወደ ኑርንበርግ ሄደን ተመልሰናል። ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በጀርመን የምትኖሩና በብርዱ ወራት ቤተሰባችሁን ይዛችሁ አንድ ታሪካዊ ከተማ ለማየት የምታስቡ ወገኖች በዚያው ወጥመድ እንዳትገቡ ነው። የሻጩን ስም አልጠቅስም። ጉዳዩ ገና አልተቋጨም፤ ከዚያም በላይ ያው ማስታወቂያ ነገ በሌላ ስም ሊወጣ ስለሚችል፣ ከሰውየው ስም ይልቅ ነገሩ እንዴት እንደ ተሰፋ ማወቁ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ማስታወቂያው የወጣው በቴሌግራም ሲሆን በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነበር። ርእሱ «ገናን በታሪካዊቷ ኑርንበርግ» ይላል፤ ከሥሩ ቀይና ነጭ ሸራ የለበሱ የእንጨት ዳሶችና ከጀርባቸው በመብራት የደመቀ ቤተ ክርስቲያን የሚታዩበት ፎቶግራፍ አለ። በዋጋው ውስጥ ተካተዋል የተባሉት የሚኒባስ ደርሶ መልስ፣ የሦስት ሌሊት ማደሪያ፣ «የገና ገበያው መግቢያ» እና «የቤተ መንግሥቱ መግቢያ» ሲሆኑ፣ ክፍያው ለአዋቂም ለልጅም በነፍስ ወከፍ 249 ዩሮ ነበር። ቀኑ ከታኅሣሥ 26 እስከ 29 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 4 እስከ 7 ቀን 2026 ነው። እናቴ በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። በዲሴምበር ወደ አንዱ ገበያ እንውሰድሽ ብንላት፣ ጾመ ነቢያትን እየጾመች በቋሊማ ጢስ መካከል መዞር እንደማትፈልግ ነግራን ስለ ነበር፣ ጉዞው ጾሙ በሚፈታበት በገና ዕለት መጠናቀቁ ለእርሷ የታሰበ መሰለን። የፍራንክፈርት ክፍለ ሀገር የሆነችው የሄሰን ትምህርት ቤቶችም በዚያ ሳምንት ዝግ ነበሩና ለልጆቹም ተመቸ። ሁሉም ነገር በእኛ ልክ የተቆረጠ ይመስል ነበር፤ አሁን ሳስበው ሊያጠራጥረኝ ይገባ የነበረው ይኸው መመቸቱ ነው።

እውነታው እንዲህ ነው። ክሪስትኪንድልስማርክት የሚባለው የኑርንበርግ ገበያ አድቬንት ከተባለው የቅድመ ገና ወቅት የመጀመሪያ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ማታ፣ ክሪስትኪንድ (ሕፃኑ ክርስቶስ ማለት ነው) ሆና የተመረጠች ወጣት ዘውድ ደፍታ ከፍራውንኪርኸ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ የመክፈቻውን ግጥም ስታነብብ ይከፈታል፤ ዲሴምበር 24 ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያበቃል። ባለፈው ዓመት የተከፈተው ኖቬምበር 28 ቀን 2025 ነበር። ስለ ገበያው የሚመሰክረው ጥንታዊው ማስረጃ የ1628 ነው ይባላል፤ ስለዚህ የመክፈቻና የመዝጊያ ቀኑ የትናንት ነገር አይደለም፣ ሻጩም ሊያጣራው ይችል ነበር፣ እኔም እንደዚሁ። የማታለያው ጥበብ ግን ያረፈው «የገና ገበያ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ጀርመኖቹ ገናን የሚያከብሩት ዲሴምበር 25 ሲሆን ገበያቸው ከዚያ በፊት የሚያልቅ የዝግጅት ገበያ ነው፤ እኛ ደግሞ «ገና» ሲባል ታኅሣሥ 29ን እናስባለን። ማስታወቂያው የእነርሱን ገበያ ወስዶ በእኛ ቀን ላይ ለጠፈው። ከበዓሉ በኋላም የሚቆዩ ገበያዎች በጀርመን የሉም ማለት አይደለም፤ በበርሊን ለምሳሌ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚዘልቁ አሉ። ስለዚህ የምትሄዱበት ከተማ ራሱ ያወጣውን የመዝጊያ ቀን በዓይናችሁ ሳታዩ የማንንም ቃል አትመኑ።

በቀኖቹ ውስጥ የተደበቀ ሌላም ነገር ነበር። ጃንዋሪ 4 እሑድ ስለ ነበረ ሱቆች ዝግ ናቸው። ጃንዋሪ 6 የሰብአ ሰገል በዓል ሲሆን ኑርንበርግ በምትገኝበት ክፍለ ሀገር በባየርን የሕዝብ በዓል ስለ ሆነ በዚያም ቀን ሱቆች አይከፈቱም። በእኛ በሄሰን ግን ያው ቀን ተራ የሥራ ቀን ነው፤ በፍራንክፈርት የምንኖር ሰዎች ይህን ሳናስብ የቀረነውም ለዚህ ነው። ከአራቱ ቀናት አንዱ የመሄጃ፣ አንዱ የመመለሻ፣ አንዱ በዓል ሆነና ሰኞ ብቻ ቀረችን።

በዚያች ሰኞ ጠዋት ሃውፕትማርክት ከተባለው አደባባይ ደረስን። የድንጋይ ንጣፉ ረጥቦ ያብለጨልጫል፤ በአንድ ጥግ አንድ አትክልት ሻጭ ካሮትና ጎመን ደርድሮ እጁን በትንፋሹ ያሞቃል፤ ከዚያ ውጭ አደባባዩ ባዶ ነበር። የስምንት ዓመቷ ልጄ ስልኬን ተቀብላ ፎቶግራፉን ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ከፍ አድርጋ ይዛ አስተያየችና «አባዬ፣ ቦታውስ ይኸው ነው» አለችኝ። እናቴ በካፖርቷ ላይ ጋቢዋን ደርባ ዙሪያውን ስትቃኝ ቆይታ «ልጄ፣ ይህ ገበያ ነው ወይስ ገበያ የነበረበት?» ስትል ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አልነበረኝም። የሻጩ ተወካይ የነበረውን ሾፌር ገበያው የት ሄደ ብዬ ስጠይቀው «ወንድሜ፣ ገና እኮ ረቡዕ ነው፤ ምን ያስቸኩላል?» አለኝ። እያሾፈብኝ ይሁን እርሱም ሳያውቅ ይሁን እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ለፍትሕ ያህል፣ ከተማይቱ በራሷ አላሳፈረችንም። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በፍራውንኪርኸ ሰዓት ሥር ሰባቱ መራጭ መሳፍንት እየወጡ በንጉሠ ነገሥት ካርል አራተኛ ዙሪያ ሦስቴ ይዞራሉ፤ ልጆቹ እያጨበጨቡ ቆጥረዋቸዋል፤ ንጉሡ በእነዚህ መሳፍንት እንዴት እንደሚመረጥ የደነገገውን የ1356ቱን የወርቅ ማኅተም ድንጋጌ ለማስታወስ የተሠራ ነው። ይህ ግን ለማንም ክፍት የሆነ፣ ያለ ሻጩም የምናየው ነገር ነው።

ወደ ሂሳቡ ልመለስ። የ249 ዩሮው ዝርዝር ይሰጠኝ ብዬ ስወተውት ሻጩ በመጨረሻ ላከልኝ፤ ይህን ዝርዝር ከመክፈሌ በፊት ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ከቤቴ ባልወጣሁ ነበር። «የገበያ መግቢያ» በነፍስ ወከፍ 15 ዩሮ ተጽፎበታል፤ ክሪስትኪንድልስማርክት ግን አጥርም በርም የሌለው፣ መግቢያ የማይከፈልበት የአደባባይ ገበያ ነው። ለልጆቹ የካይዘርቡርግ ቤተ መንግሥት መግቢያ 12፣ 12 ዩሮ ተይዟል፤ ካይዘርቡርግን ጨምሮ በባየርን የመንግሥት አስተዳደር ሥር ባሉ ቤተ መንግሥቶች ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የሚገቡት በነጻ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ከዋጋው ውጭ «የከተማ ግብር» ተብሎ በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት 3 ዩሮ፣ በድምሩ 45 ዩሮ ማስከፈሉ ነው። በበርሊንና በፍራንክፈርት እንዲህ ያለ ግብር ስላለ ለምዶን ሳንጠይቅ ከፈልን፤ ባየርን ግን በ2023 ከተሞቹ የማደሪያ ግብር እንዳይጥሉ በሕግ ከልክሏል። በባየርን የሚፈቀደው ሕጋዊ ዕውቅና ባላቸው የጤና መዝናኛ ቦታዎች የሚከፈለው መዋጮ ሲሆን፣ ኑርንበርግ ከእነርሱ አንዷ አይደለችም።

ኑርንበርግ ማደራችንም ቢሆን በወረቀት ላይ ነው። ከከፈልን በኋላ በተላከልን የጀርመንኛ ማረጋገጫ ላይ ማደሪያው «ኢም ራውም ኑርንበርግ» መሆኑ ተጽፎ ነበር። «ራውም» ክፍል ማለት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ከእንግሊዝኛው «ሩም» ጋርም ድምፁ ስለሚቀራረብ «ኑርንበርግ ውስጥ ያለ ክፍል» ብዬ አንብቤ አለፍኩት። በጉዞና በቤት ማስታወቂያ ቋንቋ ግን ይህ አነጋገር «በኑርንበርግ አካባቢ» ማለት ነው፤ አካባቢው ምን ያህል ይርቃል ለሚለው ወሰን የለውም። ለእኛ 43 ኪሎ ሜትር ሆነ። በዓል በሆነው ማክሰኞ ሾፌሩ «ዕረፍቴ ነው» ብሎ አልመጣም፤ አውቶቡሱ በበዓል ቀን የሚያልፈው በስንት አንዴ ነው፤ በመንደሩ የተከፈተ ሱቅ አልነበረም። እናቴ በሻንጣዋ ሽሮ ባትይዝ ኖሮ ያን ቀን በድንች ብቻ እንውል ነበር። በአንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እየተንተከተከ የክፍሉን መስኮት በእንፋሎት የሸፈነው ያ ሽሮ ከጉዞው ሁሉ የተሻለው ነገር ነበር ብል አላጋነንኩም። «አልትሽታት» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ ተመልከቱት፤ ጥንታዊው የከተማ ክፍል ማለት ነው፣ ነገር ግን ከኑርንበርግ በሜትሮ የሚደረስባት ጎረቤት ከተማ ፉርትም የራሷ አልትሽታት አላት። ስለዚህ ቃሉን ትታችሁ የመንገዱን ስምና ባለ አምስት አኃዙን የፖስታ ቁጥር ጠይቁ። ሁለቱን ሳይሰጥ ገንዘብ የሚጠይቅ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው ማለት ነው።

አከፋፈሉ ላይ የሠራሁት ስሕተት የራሴ ነው። ሻጩ ሙሉውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ፣ በቅጽበታዊ የባንክ ዝውውር፣ በአንድ የግል ሂሳብ እንዳስገባ ጠየቀኝ። ከኦክቶበር 9 ቀን 2025 ጀምሮ በዩሮ ተጠቃሚ አገሮች ያሉ ባንኮች ዝውውሩ ከመፈጸሙ በፊት የተቀባዩን ስም ከአይባን፣ ማለትም ከሂሳብ ቁጥሩ ጋር የማመሳከር ግዴታ አለባቸው። የእኔም ባንክ ስሙ እንደማይገጥም በስልኬ ላይ አሳይቶኝ ነበር። ሻጩን ስጠይቀው «የባለቤቴ ስም ነው፣ ዝም ብለህ እለፈው» አለኝ፤ አለፍኩት። ማስጠንቀቂያውን አይቶ የላከ ሰው በኋላ ባንኩን ተጠያቂ ማድረግ እንደማይችል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በፔይፓል ብትከፍሉም ሻጩ «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው በኩል ላኩልኝ ካለ እምቢ በሉት፤ በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዢ ዋስትና የለውም። ቀኑ ለተቆረጠ ማደሪያ ወይም ጥቅል ጉዞ በኢንተርኔት የገባችሁትን ውል በ14 ቀን ውስጥ በነጻ እሰርዛለሁ ብላችሁም አትጽናኑ፤ ያ መብት ለእነዚህ አይሠራም።

የሕጉ ነገር ሰፋ ያለ ቢሆንም ዋናውን መጥቀስ ይገባኛል። መጓጓዣና ማደሪያ በአንድ ዋጋ ተጣምረው ሲሸጡ በጀርመን ሕግ ፓውሻልራይዘ፣ ማለትም ጥቅል ጉዞ ይባላል። አዘጋጁ ከጉዞው በፊት ቀብድም ሆነ ሙሉ ክፍያ ከመቀበሉ አስቀድሞ ዚኸሩንግስሻይን የተባለውን የዋስትና ሰነድ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ አዘጋጁ ቢከስር ገንዘባችሁን የሚመልሰው በዚህ ሰነድ ላይ ስሙ የተጻፈው ዋስ ነው። ከዋጋው 20 በመቶ በላይ ቀብድ መጠየቅንም ፍርድ ቤቶች በቂ ምክንያት ካልቀረበለት በቀር አይቀበሉትም። የእኛ ሻጭ ሰነዱን ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ «እኛ ነጋዴ አይደለንም፣ ለማኅበረሰባችን ብለን ነው» የሚል ነበር። እዚህ ላይ እንዳትሸወዱ። ሕጉ በእርግጥ አልፎ አልፎ፣ ያለ ትርፍ፣ ለተወሰነ ቡድን ብቻ ለሚዘጋጅ ጉዞ ነጻነት ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ሦስቱም ነገሮች በአንድነት መሟላት አለባቸው። ለማንኛውም አላፊ አግዳሚ በቴሌግራም የሚሸጥ፣ በልጅ መግቢያ ላይ እንኳ የሚያተርፍ ጉዞ የማኅበረሰብ አገልግሎት አይባልም።

ጉድለት ስታዩም እዚያው ሆናችሁ ወዲያው በጽሑፍ ለአዘጋጁ ማሳወቅ አለባችሁ፤ ዝም ብላችሁ ተመልሳችሁ ብትከሱ የዋጋ ቅናሽ የመጠየቅ መብታችሁ ሊቀር ይችላል። እኔ ሰኞ ዕለት የባዶውን አደባባይና ማክሰኞ ዕለት የመንደሩን ፎቶግራፍ ከአጭር መልእክት ጋር ልኬለት ስለ ነበር በዚህ በኩል ተርፌያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የቴሌግራም መልእክቶቹን ከእርሱም ከእኔም ስልክ አጠፋቸው፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። ማስታወቂያውን፣ ዋጋውን፣ የሰጠውን ቃልና የራሳችሁን ቅሬታ በየዕለቱ በስክሪንሾት አስቀሩ። የይገባኛል ጥያቄው ጉዞው ካበቃበት ቀን አንሥቶ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ሊቀርብ ይችላል። ምክር የሚሰጠው ተቋም ፈርብራውኸርጸንትራለ የተባለው የሸማቾች ማእከል ሲሆን በየክፍለ ሀገሩ ይገኛል፤ እኔም ደብዳቤዬን ያዘጋጀሁት በእነርሱ ምክር ነው።

በደብዳቤው ላይ ከዋጋው ግማሹ እንዲመለስልኝ ጠይቄ የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጠሁት። የመለሰልኝ «የከተማ ግብር» ያለውን 45 ዩሮ ብቻ ነው፤ ያውም «በስሕተት የተጨመረ» ከሚል አንድ መስመር ጋር። ቀሪውን ለማስከፈል በፍርድ ቤት በኩል የሚሰጠውን የክፍያ ማዘዣ፣ ማንበሻይድ የሚባለውን፣ ለማውጣት ቅጹን ሞልቼ ልኬአለሁ፤ ማዘዣው ከደረሰው በኋላ ለመቃወም ሁለት ሳምንት አለው።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ትናንት ማታ ነው። የሚመጣው ገና ማስታወቂያ በዚያው መስመር ወጥቷል፤ ፎቶግራፉ ያው ቀይና ነጭ ዳስ ነው፣ ዋጋው በነፍስ ወከፍ 259 ዩሮ ሆኗል፣ «የገበያ መግቢያ ተካቷል» የሚለውም እንዳለ ነው፤ የጉዞው መነሻ ቀን ደግሞ ታኅሣሥ 27 ይላል።