ለዲስክ መንሸራተት መርፌ ይሻላል ወይስ ኦፕራሲዮን?

ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ወጥቶ ነርቭ ስለተጫነ ህመሙ ከወገብ እስከ እግር ለሚወርድባችሁ ነው የምጽፈው።

መርፌው፦ ስቴሮይድ ነው፣ በራጅ እየታየ ነርቩ አጠገብ ይሰጣል፣ ሙሉ ማደንዘዣ አይፈልግም፣ በዛው ቀን ቤት ይገባል፣ ወጪውም ይቀላል። ግን ዲስኩን አይመልሰውም፣ እብጠቱን ነው የሚያበርደው፣ እፎይታውም ለሳምንታት ወይ ለወራት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ለጥቂት ቀን ስኳሩ ስለሚጨምር ቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድም እንደዛው።

ኦፕራሲዮኑ፦ ማይክሮዲሴክቶሚ ይባላል፣ በትንሽ ቅድ ነርቩን የተጫነው ቁራጭ ይወጣል፣ የእግር ህመሙ ቶሎ ይለቃል። ውድ ነው፣ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል፣ ዲስኩም ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።

ብዙ ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ኦፕራሲዮን ስለሚሻለው፣ ችግሩ ህመም ብቻ ከሆነ መርፌና ፊዚዮቴራፒ ይቅደም። እግር እየደከመ ከሄደ ግን ኦፕራሲዮኑን አታዘግዩ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፣ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ እባካችሁ!