የሀሁ ገበታ ለመጀመሪያው የልምምድ ክፍል፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ለመጀመሪያ ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት ለልምምድ የሚወጡ ዕጩ መምህራን ብዙዎቹ ቀድመው የሚገዙት የሀሁ ገበታ ነው። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብርም ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭም አይጠፋም፤ ዋጋውም አይከብድም። ይገዛ። የመጀመሪያውን ትምህርት በእሱ ለማስተማር ያሰባችሁ ግን ይህን አስቀድማችሁ እዩ።

33 ፊደል በ7 ቤት ሲባዛ 231 ነው። 70 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ወረቀት ላይ 33 ረድፍ ሲደረደር ለአንዱ ረድፍ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል፤ ፊደሉ ራሱማ ከዚያም ያንሳል። ምንጣፉ ላይ ከኋላ የተቀመጠ የ4 ዓመት ልጅ አጥርቶ አያየውም፤ ጓደኞቹ የሚሉትን እየተቀበለ ያዜማል እንጂ አያነብም። ዜማውን ሰምቶ "ክፍሉ ፊደል ለየ" ብሎ መዝገብ ላይ የሚጽፍ ሰልጣኝ ራሱንም ልጆቹንም ይጎዳል። ገበታው ከመስኮት ትይዩ ከተሰቀለ ደግሞ የተለበጠበት ላስቲክ ነጸብራቅ ከፊት ላሉትም ግማሹን ይሰውርባቸዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ቅደም ተከተሉ ነው። ሀ እና ሐ በመጀመሪያዎቹ 3 ረድፎች ውስጥ ይገናኛሉ፣ ድምፃቸውም አንድ ነው። ከ"ሀ" ረድፍ ራሱ ግዕዙና ራብዑ (ሀ እና ሃ) በድምፅ አይለዩም። ገና "አንድ ቅርጽ፣ አንድ ድምፅ" የሚለውን ለሚይዝ ልጅ ይህ ክፉ አጀማመር ነው። የክፍሉ መምህርት ከፈቀዱ በ"በ" ወይም በ"መ" መጀመር ይሻላል፦ በር፣ በግ፣ በርበሬ፤ መስኮት፣ መሶብ፣ መጥረጊያ። በሩንና መስኮቱን ልጆቹ ተነሥተው በእጃቸው ይነኩታል።

ሥዕል ያለበትን ገበታ ስትመርጡ ሥዕሉን አንድ ሕፃን አሳይታችሁ "ይሄ ምንድን ነው?" በሉት። በሬውን "ላም"፣ አውቶቡሱን "መኪና" ካለ ትምህርቱ ከ"በ" ወደ "ለ"፣ ከ"አ" ወደ "መ" ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ትምህርት የፊደል ካርድ ራሳችሁ ሥሩ። ማኒላ ወረቀት በኤ4 ግማሽ ልክ ቆርጣችሁ በወፍራም ማርከር ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚቆም አንድ ፊደል ጻፉ። ማርከሩ ወደ ጀርባ ስለሚያልፍ ሥዕሉን በጀርባው አትሳሉ፤ በሌላ ወረቀት ሠርታችሁ ለጥፉበት። ኮላው ሳይደርቅ ላሚኔት ከተደረገ (በላስቲክ ከተለበጠ) ውስጡ ይነፋል፤ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ስትቆርጡም ከወረቀቱ ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ላስቲክ አስተርፉ፤ ልክ ወረቀቱ ላይ ከተቆረጠ በሁለተኛው ቀን ይላቀቃል። የላስቲኩ ማዕዘን ስል ነው፣ የልጅ ፊት ይጭራል፤ አራቱንም በመቀስ አክብቡ። ለመጀመሪያ ትምህርት 1 ፊደልና 4 ሥዕል ይበቃል፤ 20 ደቂቃም አትለፉ።

ገበታው ታዲያ ምን ይሠራል? ረድፍ በረድፍ ብታሳዩበት ጥሩ ነው። ከካርቶን ላይ እንደ ገበታው ወርድ የሚረዝም፣ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ መስኮት ቅደዱ፤ ገበታው ላይ ሲያርፍ የምትፈልጉት ረድፍ ብቻ ይታያል። ለእናንተም ከቤት ስትዘጋጁ ይጠቅማል፤ የመነሻ ነጥብና የአጻጻፍ አቅጣጫ ስለማያሳይ ግን እጃችሁን አስቀድማችሁ በሰሌዳ ላይ አለማምዱ።

አሰቃቀሉም ያው ነው የሚበላሸው፦ በአዋቂ ቁመት ይቸነከራል። መካከሉ ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ላይ ይዋል። ኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ ፕላስተር ዱቄቱን ይዞ ይወርዳልና ሲባጎ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥሉት።