አሮጌ ኮምፒውተሬን ከጩኸት ለገላገለኝ ባለሙያ

መገናኛ አካባቢ ኮምፒውተርም ቴፕም የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። ውድ ዕቃ ሊሸጥልኝ ሲችል በርካሹ ስለገላገለኝ በአደባባይ ላመሰግነው እወዳለሁ።

አባቴ በገና ሲደረድር የተቀዳባቸው ካሴቶች አሉኝ። ሳይበላሹ ወደ ኮምፒውተር ላስገባቸው ፈለግሁ። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አሮጌ ዴል ዴስክቶፕ ነው፤ ለጽሑፍ ሥራ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ድምፁ ላይ ግን የማያቋርጥ ዝዝታ አለው። በገና የሚወድ ሰው ጭንቀቴ ይገባዋል። 10ሩ አውታሮች ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ራሷ ድምፁን ታነዝረዋለች፤ የበገና ለዛው እሱ ነው። የማሽን ጩኸት ሲደረብበት የቱ የበገና፣ የቱ የኮምፒውተር እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ሌላ ቦታ «ማዘርቦርዱ አልቆለታል፣ አዲስ ይግዙ» ተብዬ ነበር። ይህ ልጅ ግን ማዳመጫ ሰክቶ አንዱን ጆሮ ለእኔ ሰጠኝና ማውዙን ወዲያ ወዲህ አደረገው። ዝዝታው ከማውዙ ጋር አብሮ ተለዋወጠ! «ሰሙት ጋሼ? ቦርዱ ደህና ነው። የድምፁ ክፍል ከፕሮሰሰሩና ከሌላው ሁሉ ጋር ተጨናንቆ ስለተቀመጠ የእነሱን ረብሻ ይለቅማል። ድምፁን ከሳጥኑ ውጭ እናድርገው» አለኝ።

ያዘዘልኝ ቤሪንገር ዩሲኤ222 የምትባል፣ ከኮምፒውተሩ ውጭ ሆና ድምፅ የምታስገባና የምታስወጣ፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ቀይ ዕቃ ናት። እሱ ጋ ስላልነበረች ደዋውሎ የምትገኝበትን ሱቅ አጣራልኝ። ዩኤስቢ ላይ ትሰካለች፤ ኃይልም ከዚያው ትወስዳለች፤ ድራይቨር፣ ማለትም ለብቻው የሚጫን ማስኬጃ ፕሮግራም፣ አትጠይቅም። በ16 ቢት እስከ 48 ኪሎኸርዝ ትቀዳለች፣ ለካሴት ይበቃል።

ሙያውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዊንዶውስ ዕቃዋን ማይክሮፎን መስላው በአንድ ቻናል ብቻ ከፍቷት ነበር፤ ወዲያው አይቶ ወደ ሁለት ቻናል መለሰው። የቴፑን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ አልኮል በነካ ጥጥ ሲጠርገው ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል አስተካከለ፤ ዜሮን ያለፈ ድምፅ ይቆረጣል፣ የተቆረጠውን ደግሞ የሚመልሰው የለም። ፋይሉንም መጀመሪያ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዌቭ እንዳስቀምጥ፣ ኤምፒ3 ከፈለግሁ ከዚያ ላይ እንዳወጣ ነገረኝ።

አሁን የእንዚራዋ ንዝረት ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አባቴ በስንኞቹ መሀል ትንፋሽ ሲወስድ እንኳ ይለያል። እጁ ይባረክ!

ቀይዋ ዕቃ የማትችለውንም ሳይደብቅ ነግሮኛል። የካሴቱን የራሱን ሽሽታ አታጠፋም። የማይክ ማጉያም የላትም፤ ኮንደንሰር ማይክ፣ ማለትም ከሚሰካበት ዕቃ ኃይል የሚፈልገውን፣ ለመሰካት ያሰባችሁ 48 ቮልት የምትሰጠውን የቤሪንገር ዩኤም2 ብትጠይቁ ይሻላል።

ለሥራው የጠየቀኝ ዋጋ ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም፤ ጨምሬ ብሰጠው «የተስማማነው ይበቃል» ብሎ መለሰልኝ። ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ቴፑንና ገመዶቹን አብራችሁ ያዙ፤ ሰምቶ ካልሆነ ምንም ዕቃ ግዙ አይልም።