የአንጀት ትል ተጋላጭነትን ከምራቅ የሚተነብይ የዘረመል ምርመራ፦ ግምገማ

አንድ ሰው በተፈጥሮው ለአንጀት ትል ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ ከምራቁ መርምሬ እነግራለሁ የሚል የዘረመል ምርመራ አገልግሎት ተጠቅሜ ውጤቱን ተቀብያለሁ። ትችቴ የሚያርፈው በዘገባው ይዘት ላይ ስለሆነ የድርጅቱን ስም መጥቀስ አላስፈለገኝም።

በናሙና አሰባሰቡ ላይ የማወጣለት እንከን የለም። ምራቁ እስከ የት መድረስ እንዳለበት በብልቃጡ ላይ ተሰምሯል፤ ክዳኑ ሲጠብቅም በውስጡ የታሸገው ማቆያ ፈሳሽ ተለቅቆ ከምራቁ ጋር ይቀላቀላል።

የዘገባው መነሻ ሐሳብም መሠረት አለው። ትል በሰዎች መካከል እኩል አይከፋፈልም፤ በአብዛኛው ከትሎቹ 80 በመቶ ያህሉ የሚገኙት በ20 በመቶ ሰዎች ሆድ ውስጥ ነው፤ በመድኃኒት ከጸዱ በኋላም ቀድሞ ብዙ ትል የነበረባቸው ሰዎች ዳግመኛ በብዛት የመያዝ ዝንባሌ ያሳያሉ። በኔፓል በጂሬል ማኅበረሰብ ላይ የተካሄደውና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የታተመው ጥናት፣ በወስፋት ጫና (በሆድ ውስጥ ባለው የትል ብዛት) ረገድ በሰዎች መካከል ከታየው ልዩነት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል፤ በ2002 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በ1ኛውና በ13ኛው ክሮሞዞም ላይ ከዚህ ጋር የተቆራኙ ቦታዎችን ለይቷል። ዘገባው እነዚህን ጥናቶች ሳያዛባ አቅርቧቸዋል።

የሚያሳዝነው ቀጣዩ ገጽ ነው። በብርቱካናማ መስመር ላይ «ተጋላጭነትዎ ከፍተኛ ነው» የሚል ፍርድ ተቀምጧል። ሆኖም ከጂሬል ጥናት የተወሰደው ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚለው አኃዝ የሚገልጸው በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ፣ በዚያው ማኅበረሰብ የኑሮ ሁኔታ የታየን ልዩነት ነው እንጂ የአንድን ግለሰብ ዕጣ አይደለም፤ የውኃው፣ የመጸዳጃውና የአፈሩ ሁኔታ ሲለወጥ አኃዙም አብሮ ይለወጣል። የወስፋት እንቁላል ያልዋጠ ሰው ደግሞ የትኛውንም ዘረመል ቢወርስ ወስፋት አይዘውም።

ከዚህ የባሰው ግድፈት ትሎችን ሁሉ በአንድ ነጥብ መደመሩ ነው። ወስፋት በአፍ ይገባል፣ መንጠቆ ትል በአብዛኛው ቆዳ በስቶ ይገባል፣ የአንጀት ቢልሃርዝያ ትል ደግሞ ኑሮው አንጀት ውስጥ ሳይሆን በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ነው። በ1996 በብራዚል ከቢልሃርዝያ ጋር ተያይዞ የተገኘውን የ5ኛ ክሮሞዞም ቦታ ወስዶ ለወስፋት ተጋላጭነት ማስረጃ ማድረግ፣ በግልጽ ቋንቋ፣ አንባቢን ማሳሳት ነው።

በሕክምና ረገድም ውጤቱ የሚለውጠው ነገር የለም። ለወስፋት በተለምዶ የሚታዘዘው 400 ሚሊግራም አልቤንዳዞል በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ሲሆን፣ ሐኪሙ መጠኑን ለመወሰን የታካሚውን ዘረመል አይጠይቅም። ትል እንዳለበትና እንደሌለበት ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የሰገራ ምርመራ ይበልጥበታል፤ አንዲት እንስት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ስለምትጥል፣ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ትንሽ ናሙና ከዚህ ባለቀለም ዘገባ የተሻለ መልስ ይሰጣል፤ ምንም እንኳ ቀላል ጫናና ወንድ ትል ብቻ ያለበት ሆድ ከእይታው ሊያመልጡ ቢችሉም። ዘገባው ስለ ሰገራ ምርመራ የሚያነሣው በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱን የዘረመል ምርምር ለሚማርካቸው ሰዎች ካልሆነ በቀር፣ ሆዱን ለሚያመው ሰው አልመክርም።