በዎርዚንግተን ለጎልማሶች መምህራችን፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ለሁለት ወገን ነው። አንደኛዋ በዎርዚንግተን፣ ሚኒሶታ፣ በዲስትሪክት 518 (የከተማው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) የጎልማሶች ትምህርት ክፍል እንግሊዝኛ እና የዜግነት ፈተና የሚያስተምሩን መምህርት ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስለማይወዱ አልጠራውም፤ ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል። ሁለተኛዎቹ ደግሞ በትልልቅ ከተሞች የቤት ኪራይ ያንገፈገፋችሁ፣ «እዚያ ሥራ አለ ይባላል፤ ኑሮውስ እንዴት ነው?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ ወገኖቼ ናችሁ። አንዷን ሳመሰግን ለሌሎቻችሁም መልስ ይወጣኛል ብዬ አንድ ላይ አደረግሁት።

ነገሩ የእናቴ ነው። እናቴ ስድሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው ወደ አሜሪካ የመጣችው። ዜግነት ለማመልከት የሚያስፈልገው የአምስት ዓመት ቆይታ ሲሞላ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ዕድሜዋ ገፍቷል፤ በአማርኛ ትፈተናለች፤ ምን ያስጨንቃችኋል» አለን። መምህርቷ ይህን ሲሰሙ ወረቀቱን አውጥተው መስመር በመስመር አሳዩን። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከእንግሊዝኛው ነፃ የሚሆነው በቋሚ ነዋሪነት 20 ዓመት ከኖረ ነው፤ ከ55 በላይ የሆነ ደግሞ 15 ዓመት ከኖረ ነው። ዕድሜ ብቻውን ምንም አያደርግም። በሕመም ምክንያት በሐኪም የሚሞላ ሌላ ቅጽ አለ፤ እናቴ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ጤነኛ ናት። ስለዚህ ያለው መንገድ መማር ብቻ ሆነ። የሰፈር ወሬ ስንቱን ሰው ያለ ዝግጅት ወደ ፈተና እንደላከ ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ።

ክፍል የሚገባ ሰው መጀመሪያ የምደባ ፈተና ይሰጠዋል። እናቴ በላቲን ፊደል አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ ስለማትችል ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ወደቀች። መምህርቷ ግን በዚያ ውጤት አላመኑም። ከቦርሳዋ የማይለየውን ዳዊቷን አይተው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ገልጣ በለመደችው ዜማ አነበበችላቸው። ሴትዮዋ አንድም ቃል ሳይገባቸው እስከምትጨርስ ቆመው ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እናትሽ ማንበብ የማያውቁ ሳይሆኑ ሌላ ፊደል የሚያነቡ ናቸው፤ ይህ ሙሉ በሙሉ የተለየ ነገር ነው አሉኝ። እርሳስ አያያዝ ከሚጀምሩት ጋር ሳይሆን ማንበብ ከለመዱት ጋር አስቀመጧት። እኔ እዚህ አገር ብዙ ቢሮ ገብቻለሁ፤ በእናቴ እጅ ያለውን መጽሐፍ አይቶ የጠየቀ ሰው ከእሳቸው በፊት አልገጠመኝም።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ፤ በሌላ ከተማ ያላችሁም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የዜግነት ፈተናው ንባብ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በትክክል ማንበብ ነው፤ ጽሕፈቱም ከሦስት አንዱን በትክክል መጻፍ ነው። ለሁለቱም የሚመጡት ቃላት ዝርዝር በመንግሥት በይፋ ታትሟል፤ ብዙም አይደሉም። መምህርቷ እያንዳንዱን ቃል በካርድ ጽፈው ሰጧት። እናቴ ካርዶቹን በወጥ ቤት፣ በመስኮት፣ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈቻቸው። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄዎቹን ደግሞ በስልኳ ላይ በራሳቸው ድምፅ፣ ቀስ ብለው፣ ቀርጸው ሰጧት። የእኔን ድምፅ አልፈለጉም፤ ጠያቂው መኮንን በአሜሪካዊ አነጋገር ስለሚያናግራት ጆሮዋ ያንን ይልመድ አሉ። ልክ ነበሩ።

እናቴ ያመለከተችው በቀድሞው ደንብ ስለነበር ከ100 ጥያቄዎች እስከ 10 ተጠይቆ 6 መመለስ ይበቃ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ የሚያመለክት ግን 128 ጥያቄ ማጥናት፣ እስከ 20 መጠየቅና 12 መመለስ አለበት። ገና ሳታመለክቱ አሮጌውን የጥያቄ ወረቀት ከጓደኛ ተቀብላችሁ የምታጠኑ ካላችሁ ዛሬውኑ ጣሉት። እናቴ አለፈች። ሚኒያፖሊስ ከቃለ መጠይቁ ስትወጣ መጀመሪያ የደወለችው ለወንድሜ ሳይሆን ለመምህርቷ ነበር፤ ወንድሜ እስካሁን ያኮርፋል።

ትምህርቱ በነፃ ነው። ዕድሜው 17 የሞላና በመደበኛ ትምህርት ቤት ያልተመዘገበ ሰው ሁሉ ይገባል፤ በሚኒሶታ ሌሎች ከተሞችም እንዲሁ ነው። ክፍላችን ውስጥ ከጓቲማላ፣ ከላኦስ፣ ከበርማ፣ ከኤርትራ የመጡ ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ወይ ራሳቸው ወይ ልጆቻቸው በከተማዋ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ይሠራሉ። ፈረቃ ጨርሶ፣ ጣቱ ደንዝዞ፣ እርሳስ መያዝ አቅቶት የሚመጣ ሰው ነበረ። መምህርቷ እንዲህ ያለውን ሰው አያስጽፉትም፤ ያን ቀን ያናግሩታል። ይህን ማንም መመሪያ አልነገራቸውም።

ስለ ከተማዋ ደግሞ ለጠየቃችሁኝ። ዎርዚንግተን በሚኒሶታ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ከአይዋ ድንበር አጠገብ፣ በኦካቢና ሐይቅ ዳር ያለች የኖብልስ ካውንቲ ዋና ከተማ ናት። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 13,947 ነበር። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ባቡሩ ሲመጣ የቆረቆሯት ሰዎች መጠጥ የማይጠጣባት ሰፈር ትሁን ብለው ነበር፤ ሐሳባቸው ብዙ አልዘለቀም። ዛሬ የከተማዋ እንጀራ የጄቢኤስ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ነው። ሥራው ከባድ ነው፤ ቢላዋና ብርድ ነው፤ ከዚህ በላይ አላስጌጠውም። ፋብሪካው በሌላ ባለቤት እጅ ሳለ በዲሴምበር 2006 የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ገብተው ብዙ ሠራተኛ ወስደዋል፤ የቆዩ ሰዎች ዛሬም ስለዚያ ቀን ያወራሉ። ትምህርት ቤቶቹ በስደተኛ ልጆች ሲጨናነቁም ለማስፋፊያ የተጠየቀውን ገንዘብ መራጩ ደጋግሞ ከልክሎ በ2019 ነው የፈቀደው። እንግዲህ ሁሉም ነዋሪ እጁን ዘርግቶ ይቀበላችኋል ብዬ አልዋሻችሁም። እጃቸውን የዘረጉት ግን አጥብቀው ይይዛሉ።

የካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛው ጥቆማዬ ነው። ኮምፒውተር አለ፤ ቅጽ ማተም ይቻላል፤ ለልጆች የንባብ ሰዓት አለ። እዚያ ያልተገኘ መጽሐፍ በፕለም ክሪክ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በኩል ከሌላ ከተማ ይመጣላችኋል። የእንግሊዝኛ ትምህርቱ ለገፋላችሁ ደግሞ የሚኒሶታ ዌስት ኮሌጅ በከተማው አለ፤ ከ2024 ጀምሮ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ የግዛቱ ነዋሪዎች የሕዝብ ኮሌጅ ክፍያን ግዛቱ ይሸፍናል። ልጆች በትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ በነፃ ይበላሉ፤ ይህም የግዛቱ ሕግ ነው።

መኪና የሌለው ሰው እዚህ ይቸገራል። ጤፍና በርበሬ የምናመጣው በኢንተርስቴት 90 አንድ ሰዓት ያህል ነድተን በሳውዝ ዳኮታ ካለችው ከሱ ፎልስ ከተማ ነው፤ እዚያ ሐበሻው ብዙ ነው። በሴፕቴምበር የቱርክ ዶሮ በዓላቸው አለ፤ ዶሮዋን ከቴክሳሷ ከኩዌሮ ከተማ ዶሮ ጋር በዋናው ጎዳና ያሽቀዳድሟታል። እናቴ አንዴ አይታ ለፋሲካ አትታረድም ወይ ብላ ጠየቀች።

ለመምጣት የቆረጣችሁ ሰዎች በነሐሴ መጨረሻ ኑ፤ የልጆቹ ትምህርት የሚጀምርበት ጊዜ ስለሆነ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ያልቅላችኋል። ለጎልማሶች ክፍል መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱና ስለ ምደባው ፈተና ጠይቁ። አረጋዊ ወላጅ ይዛችሁ ከመጣችሁ የሚያነቡትን መጽሐፍ አስይዟቸው። የዜግነት ቀጠሮ በበረዶው ወራት ከደረሰባችሁ ደግሞ ከዋዜማው ተነሱ፤ ሚኒያፖሊስ በ60 ቁጥር መንገድ በማንኬቶ በኩል በደህና ቀን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ነፋሱ በረዶውን ሲያነሳው ግን መንገዱ ሊዘጋ ይችላል።