የአንዲት አዋላጅ 27 ዓመታት፦ የ«ዱ ሂስትሪ» ድረ ገጽ ግምገማ

እ.ኤ.አ. በ1790 አሜሪካ የመጀመሪያውን የሕዝብ ቆጠራ ስታካሂድ በመዝገቡ ላይ በስም የሰፈሩት የቤተሰብ ኃላፊዎች ብቻ ነበሩ። ባለትዳር ሴት ስሟም ዕድሜዋም አልተጻፈም፤ ነጻ የሆኑ ነጭ ሴቶች፣ ከጨቅላዋ እስከ አሮጊቷ፣ በአንድ ዓምድ ውስጥ በቁጥር ተደምረዋል። ስለዚያ ዘመን ሴቶች ማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው ይህ ዝምታ በመሆኑ፣ «ዱ ሂስትሪ» የሚያቀርበው ሰነድ ብርቅ ነው። ሰነዱ በዚያን ጊዜ የማሳቹሴትስ አካል በነበረችው በሜይን፣ በኬነቤክ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሃሎዌል ይኖሩ የነበሩት አዋላጅ ማርታ ባላርድ ከ1785 ጀምሮ እስከሞቱበት እስከ 1812 ድረስ የጻፉት የዕለት ማስታወሻ ነው።

ድረ ገጹን ያዘጋጀው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ጥናት ማዕከል ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው ደግሞ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የታሪክ ማዕከል ነው። ክፍያ የለውም። የእጅ ጽሑፉ ገጾች በምስል፣ ከጎናቸውም ግልባጫቸው ቀርቧል፤ በቀንም ሆነ በቃል መፈለግ ይቻላል። የሁለት መቶ ዓመት የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ለማይሆንለት ሰው ግልባጩ ብቻውን ትልቅ ውለታ ነው።

ማስታወሻው በመጀመሪያ ንባብ ያሰለቻል፤ ይህን ሳልሸሽግ መናገር ይገባኛል። የዕለቱ አየር ይቀድማል፣ ከዚያ የቤት ሥራው፣ የመጣውና የሄደው እንግዳ፣ የተወለደው ልጅ ይከተላል፤ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሽልንግ የሆነው የአዋላጅነት ዋጋም ይመዘገባል። በዚህ አኳኋን 816 ወሊዶች ተጽፈዋል። ስለዚህ ገጹን በተርታ ከማንበብ ይልቅ አንድ ስም ይዞ መከተል ይሻላል። ለምሳሌ በጥቅምት 1791 ሳሊ ፒርስ የተባለች ያላገባች ወጣት ምጥ ይዟት ማርታ ተጠሩ። በዘመኑ ልማድ አዋላጅ ያላገባችን ሴት በምጥ ላይ ሳለች የልጁን አባት ስም ትጠይቃታለች፤ ያን ጊዜ የሰጠችው ቃል ቀለብ ለማስቆረጥ በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናታል። ሳሊ የጠራችው ስም ዮናታን ባላርድ፣ የአዋላጇ የራሳቸው ልጅ ነበር። እናትየው ቃሏን እንደወትሮው መዘገቡ፣ አንዲት የቁጣ ወይም የኀፍረት ቃል ሳይጨምሩ። ዮናታንና ሳሊም በኋላ ተጋቡ። አዋላጅነት በዚያች ከተማ ከሙያነት አልፎ የምስክርነት ሥልጣን እንደነበረው ከዚህ ገጽ በተሻለ የሚያስረዳ ጽሑፍ አላጋጠመኝም።

የድረ ገጹ ብልጫ ማስታወሻውን ከሌሎች ሰነዶች ጋር ማቀራረቡ ነው። የከተማዋ ፓስተር የነበሩት ሰው ባለቤት ርብቃ ፎስተር ተደፈርኩ ብለው በመሐላ ከከሰሷቸው ሰዎች አንዱ የአካባቢው ዳኛ ጆሴፍ ኖርዝ ነበር፤ ጉዳዩ በ1790 ታይቶ ዳኛው በነጻ ተለቀቀ። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ብቻ የሚያይ ሰው ነገሩ እዚያ ያበቃለታል። ማስታወሻውን የሚያክልበት ግን ሴትየዋ ከክሱ በፊት ስለደረሰባቸው በደል ለማርታ ነግረዋቸው እንደነበር ያነባል። ድረ ገጹ ፍርድ አይሰጥም፤ መዝገቦቹን አቅርቦ ለአንባቢው ይተዋል፤ መተዉም ትክክል ይመስለኛል።

የገንዘቡም ታሪክ እንዲሁ ነው። ያገባች ሴት ንብረት በሕግ የባሏ ስለነበር፣ የግብር መዝገብ የሚያውቀው ቀያሽና የወፍጮ ሰው የነበሩትን የማርታን ባል ኤፍሬምን ነው። ሴት ልጆቻቸውና የቤት ሠራተኞቻቸው የፈተሉትን፣ የሸመኑትን፣ ከጎረቤት ጋር የተለዋወጡትን የምናገኘው ከማርታ ብዕር ብቻ ነው። ኤፍሬም ሊሰበስቡት በተሾሙበት ግብር ዕዳ በ1804 ሲታሰሩ፣ በስተርጅና የማገዶ ችግር እንዴት እንደጠናባቸው የጻፉትም እሳቸው ናቸው።

ጉድለቱን ልናገር። ማርታ አንዱን ቃል ዛሬ በአንድ፣ ነገ በሌላ ፊደላት ስለሚጽፉ ፍለጋው ብዙ ነገር ያመልጠዋል፤ አንድን ስም በሚታሰበው አጻጻፍ ሁሉ መሞከር ያስፈልጋል። የገጹ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የነበረው ነው፤ ምስሎቹ ያንሳሉ፣ በስልክ ማንበብም ያደክማል። ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ያውም የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ይህ የአንዲት ነጭ የኒው ኢንግላንድ (የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ) ሴት መዝገብ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በዚያው በ1790 ቆጠራ 700 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ተቆጥረዋል፤ ከእነርሱ መካከል ያሉትን ሴቶች የሚፈልግ ሰው የጌቶቻቸውን የንብረት ዝርዝርና የሽያጭ ውል ማገላበጥ አለበት፤ እነዚያ ደግሞ እዚህ የሉም።

ለተማሪም ለመምህርም ያለማመንታት እጠቁመዋለሁ። ጀማሪ ከ1785 ባይነሳ ይሻለዋል፤ በቀን መፈለጊያው ጥቅምት 1791ን ከፍቶ፣ የሳሊ ፒርስን ስም እስከ ሠርጉ ድረስ ይከተል።